ቁስለኛው አብራሪ ወደ ሰማይ ሲመለስ

በጁላይ 1943 የ«ፕራቭዳ» ጋዜጣ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ቦሪስ ፖሌቮይ በኦርዮል ግንባር ወደ ሰፈረ አንድ የተዋጊ አውሮፕላኖች ክፍለ ጦር ሄደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኩርስክ ውጊያ የተፋፋመበት ሰሞን ነው። ሌሊቱን ከአንድ አብራሪ ጋር በምሽግ ውስጥ አደረ። ሊተኙ ሲሉ ከባድ ነገር ከአልጋው ሥር ወድቆ ሲንኳኳ ሰማ። ፖሌቮይ በኋላ እንደጻፈው፣ የተንኳኳው አብራሪው አውልቆ የወረወራቸው ሁለት ሰው ሠራሽ እግሮች ናቸው። ያን ቀን ሲራመድ ያየው፣ ከውጊያ በረራ የተመለሰው ሰው ከጉልበቱ በታች እግር እንደሌለው ዘጋቢው ያወቀው ያኔ ነው።

አብራሪው አሌክሴይ ማሬስዬቭ ይባላል። ታሪኩ ከሦስት ዓመት በኋላ «የእውነተኛ ሰው ታሪክ» በሚል ርእስ ልቦለድ ሆኖ ወጣ። ልቦለዱ የስታሊንን ሽልማት አገኘ፣ ፊልም ሆነ፣ ኦፔራ ሆነ፣ በትምህርት ቤት የሚነበብ መጽሐፍም ሆነ። በዚያው ጦርነት በእንግሊዝ በኩል ሁለት ተመሳሳይ ታሪኮች ተጽፈዋል። አንደኛው ሁለት እግሮቹን አጥቶ ስለተመለሰው ስለ ዳግላስ ባደር ነው። ሁለተኛው ፊቱና እጆቹ የተቃጠሉት ሪቻርድ ሂለሪ ስለ ራሱ የጻፈው ነው። ሦስቱም ቆስለዋል፣ ሦስቱም ሐኪምና አለቃ «ይበቃሃል» ሊላቸው ሲችል «አይበቃኝም» ብለው ተመልሰዋል። ሁለቱ በሰላም አርጅተው ሞቱ። ሦስተኛው በተመለሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ23 ዓመቱ ሞተ፤ ሲሞትም ብቻውን አልነበረም።

እነዚህ ታሪኮች ዘወትር የሚነገሩት ስለ ፈቃድ ብርታት ነው፦ ሰው ከቆረጠ የማይችለው የለም ለማለት። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የቆሰለ አብራሪ ወደ ሰማይ መመለሱ የመዳኑ ምልክት ነው ወይስ ቁስሉ ሌላ መልክ ይዞ መቀጠሉ? መመለሱንስ በእርግጥ የፈለገው ማን ነው፤ ሰውየው ራሱ፣ ሠራዊቱ ወይስ መጽሐፉ?

እግር ለአብራሪ ምን ያደርጋል

አብራሪ ስናስብ ዓይንና እጅ እንጂ እግር አይታየንም። በዚያ ዘመን ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ግን እግር ሥራ አይፈታም። ከአውሮፕላኑ ጅራት ላይ ያለውን ቋሚ መሪ የሚያንቀሳቅሱት ሁለት የእግር ፔዳሎች ናቸው። ሲነሣ ሞተሩ አፍንጫውን ወደ ጎን ይጎትታል፤ አብራሪው በእግሩ ገፍቶ ያቀናዋል። ሲያነጣጥር፣ ሲታጠፍ፣ በጎን ነፋስ ሲያርፍ እንዲሁ ነው። ልምድ ያለው አብራሪ ፔዳሉን የሚገፋው አስቦ አይደለም። ውስጥ እግሩ ንዝረቱን ይሰማል፣ ጡንቻው ይመልስለታል።

ሰው ሠራሽ እግር ያደረገ አብራሪ ይህን ስሜት አጥቷል። ፔዳሉን የሚገፋው ከጉልበቱ ወይም ከዳሌው ነው፤ ምን ያህል እንደገፋ የሚነግረው ደግሞ ቁርጡ በቆዳ ማሰሪያው ላይ የሚፈጥረው ጫና ነው። ስለዚህ ማሬስዬቭና ባደር መማር የነበረባቸው ጀግንነትን አልነበረም። በውስጥ እግር ያውቁት የነበረውን ሥራ በሌላ የሰውነት ክፍል እንደ ገና መማር ነበረባቸው። ይህ ሕፃን መራመድ እንደሚማረው ያለ፣ ቀርፋፋና አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለትረካ አይመችም። ትረካ የሚወደው ውሳኔ የሚወሰንበትን ደቂቃ ነው። የሺህ ጊዜ ልምምዱን በአንድ አንቀጽ ያልፈዋል።

18 ቀን በበረዶ ላይ

ማሬስዬቭ በ1916 በቮልጋ ዳር ባለችው ካሚሺን ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። በወጣትነቱ የብረት ቆራጭነት ሙያ ተማረ፤ ከዚያም እንደ ብዙ የዘመኑ ወጣቶች ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሄዶ በኮምሶሞልስክ ከተማ ግንባታ ተሳተፈ፤ በዚያም የበረራ ክበብ ገባ። በ1940 ከባታይስክ የበረራ ትምህርት ቤት ተመረቀ።

በኤፕሪል 1942 መጀመሪያ በስታራያ ሩሳ አካባቢ ያክ-1 አውሮፕላኑ ተመትቶ ደን ውስጥ ወደቀ። እግሮቹ ተጎድተው ነበር። ወደ ወገን ጦር ለመድረስ 18 ቀን ፈጀበት፤ መጀመሪያ እያነከሰ፣ በኋላም እየዳኸ። ያገኙት የአንዲት ትንሽ መንደር ልጆች ናቸው። መንደርተኞቹ ያላቸውን አካፍለው አቆዩት፤ ከዚያ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ኋላ ተወስዶ ሞስኮ ሆስፒታል ገባ። ውርጭ የመታቸው እግሮቹ በጋንግሪን ተበክለው ስለነበር ቀዶ ሐኪሙ ኒኮላይ ቴሬቢንስኪ ሁለቱንም ከጉልበት በታች ቆረጣቸው።

በ1943 መጀመሪያ እንደ ገና በረራ መለማመድ ጀመረ። በጁን 63ኛው የዘብ ተዋጊ ሬጅመንት ደረሰ። መድረስና ለውጊያ መሰለፍ ግን አንድ አይደሉም። በአየር ውጊያ ጥንድ ሆኖ የሚበር ሰው የጓደኛውን ጀርባ ይጠብቃል፤ እግር የሌለውን ሰው ጀርባ ጠባቂ አድርጎ መያዝ በራስ ሕይወት መወራረድ ነው። በመጨረሻ የስኳድሮኑ አዛዥ አሌክሳንደር ቺስሎቭ ይዞት ወጣ። ጁላይ 20 ቀን ማሬስዬቭ በአንድ ውጊያ ሁለት ፎከ-ቩልፍ ተዋጊዎች ጣለ። በኦገስት 24 «የሶቪየት ኅብረት ጀግና» ተባለ። በይፋ ከተመዘገቡለት 11 ድሎች ሰባቱ ያለ እግር የተገኙ ናቸው።

ፖሌቮይ ታሪኩን በማስታወሻ ደብተሩ ያዘ፤ መጽሐፉን የጻፈው ግን ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ የኑረምበርግን ችሎት ሲዘግብ ነው። ልቦለዱ በአራት ክፍል የተከፈለ ነው፦ ዳዴው፣ ሆስፒታሉ፣ ልምምዱ፣ መመለሱ። ከባለታሪኩ ስም አንድ ፊደል ቀይሮ «ማሬስዬቭ»ን «ሜሬስዬቭ» አለው። ያቺ አንድ ፊደል ሰፊ በር ናት። በእርስዋ በኩል የፈለገውን ማስገባት ችሏል።

ካስገባው ሁሉ የሚበልጠው በሆስፒታሉ ክፍል ያለው ኮሚሳር ነው። እግሩን ያጣው ወጣት ተስፋ ቆርጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር፣ ሞት አፋፍ ላይ ያለው ኮሚሳር ከአሮጌ መጽሔት የተቆረጠ ጽሑፍ ያስነብበዋል። ጽሑፉ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አንድ እግሩን አጥቶ ወደ በረራ ስለተመለሰ ካርፖቪች ስለሚባል የሩሲያ መኮንን ነው። ወጣቱ ይቃወማል፦ ያ ሰው ያጣው አንድ እግር ነው፣ የሚያበረውም አሮጌ፣ ቀላል አውሮፕላን ነበር። ኮሚሳሩ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ አንተ ግን የሶቪየት ሰው ነህ ይለዋል። የመጽሐፉ ርእስ የሚበቅለው ከዚህ መልስ ነው። «እውነተኛ ሰው» ማለት የተፈጥሮ ሕግ የማይገታው የአዲሱ ሥርዓት ሰው ማለት ሆነ።

የታሪክ መዝገብ ግን ለዚህ ትዕይንት ምጸት አዘጋጅቶለታል። በዛር ዘመን አንድ እግሩን አጥቶ ተመልሶ በመብረር ስሙ የገነነ ሩሲያዊ በእርግጥ ነበር፤ አሌክሳንደር ሴቬርስኪ ይባላል። በ1915 በሪጋ ባሕረ ሰላጤ በመጀመሪያው የውጊያ በረራው እግሩን አጣ፤ በዛሩ ፈቃድ ተመልሶ በረረ። በ1918 አሜሪካ ገብቶ በዚያው ቀረ፣ የአውሮፕላን ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ1942 ስለ አየር ኃይል የጻፈው መጽሐፍም በዎልት ዲዝኒ ፊልም ሆነ። ማሬስዬቭ በኩርስክ ሰማይ ላይ ሲዋጋ የሴቬርስኪ ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ይታይ ነበር። በ1946 ሞስኮ ውስጥ እንዲህ ያለውን ስደተኛ በአርአያነት መጥራት እንደማይመች መገመት አያስቸግርም። «የሶቪየት ሰው» ብቻ ያደርገዋል የተባለውን ነገር አስቀድሞ ያደረገው የዛር መኮንን፣ ኋላም የአሜሪካ ባለ ፋብሪካ መሆኑ ለኮሚሳሩ ንግግር አይስማማም ነበርና።

በደንቡ ውስጥ ያልተጻፈው

የዳግላስ ባደር ቁስል የጦርነት ቁስል አይደለም። ዲሴምበር 14 ቀን 1931 ዉድሊ በሚባል የአየር ሜዳ፣ መሬት ታክኮ የአየር ላይ ትርኢት ሲሠራ የአውሮፕላኑ ክንፍ ሣሩን ነካ። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በላይ፣ ግራው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። 21 ዓመቱ ነበር።

በባደር ታሪክ ውስጥ ከፈቃድ ብርታት እኩል የሚያስደንቅ አንድ ወርክሾፕ አለ። ሰው ሠራሽ እግሮቹን የሠሩለት የዴሱተር ወንድማማቾች ናቸው። ማርሴል ዴሱተር ራሱ አብራሪ ነበር፤ በ1913 አውሮፕላኑ ወድቆ አንድ እግሩን አጣ። የተሰጠው የእንጨት እግር ሲከብደው፣ ወንድሙ ቻርልስ ከአውሮፕላን ሥራ በሚያውቀው ቀላል ብረት፣ በዱራሉሚን፣ አዲስ እግር ሠራለት። አውሮፕላን የነጠቀውን እግር የአውሮፕላን ብረት ተካው ማለት ነው። ከዚህ የቤተሰብ ጭንቀት አንድ ኩባንያ ተወለደ፤ ባደርም ያለ ምርኩዝ የሄደው በዚያ ኩባንያ እግር ነው። «ማንም ሳይረዳው» የሚባልለት ሰው የቆመው ከ18 ዓመት በፊት በወደቀ ሌላ አብራሪ እግር ላይ ነበር።

ባደር እንደ ገና በረረ፤ የበረራ መምህራንም መቻሉን አዩ። ሐኪሞቹ ግን ሊያሳልፉት አልቻሉም። ምክንያታቸው በደንቡ ውስጥ እንዲህ ላለ ሰው የተጻፈ ነገር አለመኖሩ ነው። ሁለት እግር የሌለው አብራሪ ይመጣል ብሎ ደንብ ያረቀቀ አልነበረም። በ1933 ተሰናብቶ በነዳጅ ኩባንያ ቢሮ ተቀጠረ። ስድስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በ1939 የተለወጠው የባደር ፈቃድ አይደለም፤ እሱ ከመጀመሪያውም አልተለወጠም። የተለወጠው የአገሪቱ ጉድለት ነው። ጦርነት ሲመጣ የሠለጠነ አብራሪ አነሰ፤ ደንቡም በሩን ከፈተ። ለፈተና የቀረበለት የልምምድ አውሮፕላን ፍሬኑ በእግር ጣት የሚረገጥ ስለነበር ያ ለእሱ የማይሆን ነበር። የእንግሊዝ ተዋጊዎቹ ስፒትፋየርና ሃሪኬን ግን ፍሬናቸው በእጅ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ እግር የሌለውን ሰው አስበው ያደረጉት አይደለም፤ እንዲያው ተገጣጠመ። ፍሬኑ በእግር ቢሆን ኖሮ ያው ፈቃድ፣ ያው ቆራጥነት ከመሬት ባልተነሣ ነበር።

በኦገስት 9 ቀን 1941 ፈረንሳይ ሰማይ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ሲወድቅ አንዱ ሰው ሠራሽ እግሩ ከውስጥ ተያዘ። ማሰሪያው ተበጠሰና እግሩ ከአውሮፕላኑ ጋር ሄደ፤ እሱ በፓራሹት ወረደ። የሥጋ እግር ቢሆን ይዞት ይወርድ ነበር። ጀርመኖች ፈቅደው የእንግሊዝ አውሮፕላን ምትክ እግር ጣለለት፤ እሱም በዚያው እግር ደጋግሞ ለማምለጥ ሞከረ፤ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስም በእስር ቆየ። ፖል ብሪክሂል በ1954 የጻፈው የሕይወት ታሪኩና በ1956 የወጣው ፊልም ባደርን የእንግሊዝ ግትርነት ምሳሌ አደረጉት። አስቸጋሪ ጠባዩንና ምላሱን በፊልሙ ላይ አለሳለሱት። ባደር ራሱ ቀሪ ዘመኑን አካል ጉዳተኞችን በማበረታታት አሳለፈ፤ በ1976 የ«ሰር» ማዕረግ የተሰጠው ለዚሁ ሥራው ነው። ለታሪኩ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይህ ሥራው ረጅም ዕድሜ ያለው ሳይሆን አይቀርም።

ፊት

የሪቻርድ ሂለሪ ጉዳይ ከሁለቱ ይለያል። በሲድኒ የተወለደ፣ ኦክስፎርድ የተማረ፣ መልከ መልካም፣ ጀልባ ቀዛፊ፣ በራሱ የሚተማመን ወጣት ነበር። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1940 ስፒትፋየሩ ተመትቶ ነደደ። ፊቱና እጆቹ ተቃጠሉ። ሰሜን ባሕር ላይ በፓራሹት ወድቆ ረጅም ሰዓት ከተንሳፈፈ በኋላ የማርጌት ከተማ የነፍስ አድን ጀልባ አወጣው። የዓይኑ ሽፋሽፍት ተቃጥሎ ስለነበር ሲተኛ እንኳ ዓይኑ አይከደንም።

የተላከው ኢስት ግሪንስቴድ ወደምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኒውዚላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አርቺባልድ ማኪንዶ ዘንድ ነው። ማኪንዶ አዲስ የዓይን ሽፋን ሠራለት፣ ከንፈሩን ሠራለት፣ እጆቹን ደጋግሞ ቀደደ። በዚያ ሆስፒታል የተሠራው ግን ከቆዳ በላይ ነው። ማኪንዶ ቃጠሎን የሚያደርቀውና ቆዳ የሚያኮማትረው የታኒክ አሲድ ሕክምና እንዲቀር ታገለ። ባሕር ላይ የወደቁ ቁስለኞች ቃጠሎ የተሻለ እንደሚድን አስተውሎ በጨው ውሃ ማጠብን መረጠ። ቁስለኞቹ የሆስፒታል ልብስ ትተው ማዕረጋቸው ያለበትን የደንብ ልብስ እንዲለብሱ አደረገ። በመኝታ ክፍሉ በርሜል ቢራ አስገባ። የከተማውን ሰዎችም አነጋገረ፦ ልጆቹ ሲወጡ ፊታችሁን አታዙሩባቸው፣ ቤታችሁ ጥሩአቸው፣ አብራችሁ ተመገቡ። ኢስት ግሪንስቴድ አፍጥጣ የማታይ ከተማ ተባለች።

በ1941 ቁስለኞቹ «የሙከራ አይጦች» እንደማለት ያለ ስም ያለው ማኅበር መሠረቱ። ገንዘብ ያዥ ያደረጉት እግሩ የተቃጠለውን ነው፤ ገንዘቡን ይዞ እንዳይሮጥ። ጸሐፊ ያደረጉት ጣቶቹ የተቃጠሉትን ነው፤ ቃለ ጉባኤ እንዳያበዛ። ጦርነቱ ሲያበቃ አባላቱ 649 ደረሱ። ይህ ቀልድ ከማንኛውም የጀግንነት ንግግር በላይ ስለ መዳን ይናገራል። ቁስሉን ደብቆ ወይም ድል አድርጎ አይደለም የተሣቀው፤ ቁስሉን ይዞ፣ በቁስሉ ላይ ነው።

ሂለሪ በዚህ ማኅበር መካከል ነበር፣ ግን ሙሉ በሙሉ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። በ1941 ወደ አሜሪካ ተላከ፤ ገና ጦርነት ውስጥ ያልገባችውን አገር ልብ እንዲያነሣሣ ታስቦ። እዚያ ሲደርስ ግን የራሱ ባለሥልጣናት በአደባባይ እንዳይታይ ወሰኑ። የተቃጠለውን ፊት ያዩ የአሜሪካ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጦርነት መስደድን ይፈሩታል ብለው ነው። በሬዲዮ እንዲናገርና እንዲጽፍ ተፈቀደለት። ድምፁ ተፈለገ፣ ታሪኩ ተፈለገ፤ ፊቱ ግን አልተፈለገም። ይህ ውሳኔ የጦርነት ጀግና ታሪክ ምን ሲቻል እንደሚወደድ በአጭሩ ይናገራል። የማሬስዬቭንና የባደርን ጉዳት ሱሪ ይሸፍነዋል። የሂለሪን የሚሸፍነው የለም።

ፖሌቮይም ይህን ያውቅ ነበር። በልቦለዱ የሆስፒታል ክፍል ፊቱ የተቃጠለ የታንክ መኮንን አለ። ከማያውቃት ልጃገረድ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፋል፣ ይዋደዳሉ፤ ፊቱን ሊያሳያት ግን ይፈራል። ጢሙን ያሳድጋል። እግር የሌለው ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ ሲሆን ፊት የተቃጠለው በጎን ታሪክ ውስጥ፣ ከጢም በስተጀርባ ተቀመጠ።

ሂለሪ በ1942 ያሳተመው መጽሐፍ በእንግሊዝ የወጣበት ርእስ ከ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 የተወሰደ ነው፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ «የኋለኛው ጠላት» የሚለውን ሐረግ ሲያይ ጠላቱ ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። መጽሐፉ ቅንና ጨካኝ ነው፤ በተለይ በራሱ በደራሲው ላይ። ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ራስ ወዳድ ወጣት አይምርም። በመጨረሻው ትዕይንት በለንደን ቦምብ ከተደረመሰ ቤት ውስጥ የሞተ ልጅዋን የያዘች ሴት ያወጣሉ፤ ሴትየዋ ፊቱን አይታ እሱንም እንደ ራስዋ የተመታ መሆኑን ትነግረዋለች። ቃልዋ ይሰብረዋል፤ ለምን እንደሚጽፍ ያውቃል። ይህ ትዕይንት ከእውነት ይልቅ ወደ ልቦለድ ይጠጋል ያሉ ተቺዎች አሉ። ቢሆንም ባይሆንም ሥራው ግልጽ ነው። መጽሐፉን ይዘጋል፤ ሰውየውን የዳነ ያስመስላል።

ሰውየው ግን በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አልቆመም። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ወደ በረራ ካልተመለስሁ ብሎ ሐኪሞችንና አለቆችን ነዘነዘ። ጣቶቹ የተቆለመሙ ነበሩ፤ መሣሪያዎቹን መያዝ ያስቸግሩት ነበር። ማኪንዶ ራሱ መመለሱን አልወደደውም። በመጨረሻ ግን አሳለፉት። በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ ባለው የቻርተርሆል ጣቢያ፣ ለሌሊት ተዋጊነት መለማመድ ጀመረ። ከባድ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ ጨለማ፣ የክረምት አየርና የማይታዘዙ እጆች በአንድ ላይ ተገናኙ። ጃንዋሪ 8 ቀን 1943 ሌሊት አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ።

ጸሐፊው አርተር ኮስትለር ሂለሪን ያውቀው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ባወጣው ድርሰት የሂለሪ ሞት እንዴት በዓይናችን ፊት አፈ ታሪክ እየሆነ እንደሄደ መረመረ። ሰውየው ለምን እንደተመለሰ የተሰጡትን መልሶች ሁሉ እያነሣ ጣለ፦ አገር መውደድ፣ ለሞቱ ጓደኞች ዕዳ መክፈል፣ ሞትን መሻት። አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም። አንድ መጨመር የሚገባው መልስ ግን አለ። ሂለሪ ራሱን ከመጽሐፉ ጋር ማስተካከል ነበረበት። አንባቢዎቹ ያነበቡት የተለወጠን ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዚያ ሰው መሆኑን ማረጋገጥ አልቻለም። ማሬስዬቭ መጀመሪያ ተመለሰ፣ ከዚያ ተጻፈለት። ባደርም እንዲሁ። ሂለሪ ግን መጀመሪያ ጻፈ፣ ከዚያ የጻፈውን ለመሆን ሄደ። ቅደም ተከተሉ ልዩነት አለው።

እዚህ ላይ ለተመለሰ ሁሉ ፍርዱ አንድ ነው ማለት አይቻልም። ከዚያው ሆስፒታል የወጣው ጄፍሪ ፔጅ ከሂለሪ ሦስት ሳምንት ቀድሞ የተቃጠለ ነው። ለደረሰበት ቀዶ ሕክምና ሁሉ በቁጥሩ ልክ የጠላት አውሮፕላን ለመጣል ተሳለ፤ ተመለሰ፣ ተዋጋ፣ ስለቱንም ሞላ፣ እስከ 2000 ድረስ ኖረ። በእርጅናው የደከመው በዚያ የአየር ውጊያ ለሞቱት መታሰቢያ እንዲቆም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የፈቃድ ብርታት አይደለም፤ ሁለቱም ነበራቸው። የእጅ ጣት፣ የአውሮፕላን ዓይነት፣ ቀንና ሌሊት፣ «ተው» የሚል ሰው በጊዜው መገኘት ወይም አለመገኘት ነው።

መጽሐፍ ያልተጻፈላቸው

የ«እውነተኛው ሰው» ታሪክ በገዛ አገሩም ዕጣው አንድ አልነበረም። አቀናባሪው ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ በ1948፣ በባለሥልጣናት የተወገዘበትን ስም ለማደስ ሲል፣ ልቦለዱን ኦፔራ አደረገው። ከዚህ የበለጠ ታማኝ ርእስ ማግኘት አይቻልም ነበር። በዲሴምበር 1948 ሌኒንግራድ ውስጥ በዝግ ቀረበና ወዲያው ተወገዘ። ለሕዝብ የታየው በ1960 ነው፤ ፕሮኮፊየቭ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። እግር የሌለውን ሰው ያስነሣው ታሪክ ያቀናበረውን ሰው ማስነሣት አልቻለም።

ማሬስዬቭ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ ተማረ፣ በታሪክ ትምህርት ዲግሪ ያዘ፣ በጦር አርበኞች ኮሚቴ ለአሥርት ዓመታት ሠራ። ሜይ 18 ቀን 2001 ሞስኮ በሚገኘው የሠራዊቱ ቲያትር 85ኛ የልደት በዓሉ ሊከበር ነበር፤ ዝግጅቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ልቡ ቆመ። ለክብሩ የተሰበሰበው ሕዝብ ለክብሩ በዝምታ ቆመ።

እነዚህን ሦስት መጻሕፍት ዘግተን ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ መልሱ የሚገኘው ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ይልቅ በዙሪያቸው ካሉት ዘንድ ይመስላል። ማሬስዬቭን በደን ውስጥ ያገኙት ልጆች አሉ። በልቦለዱ እነዚያ በጦርነት የተራቡ መንደርተኞች የቀረቻቸውን አንዲት ዶሮ አርደው መረቅ ያጠጡታል። ከ18ቱ ቀን ዳዴ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ባይጨምሩለት ኖሮ 19ኛው ባልተጻፈ ነበር። ወንድሙ እንዳይከብደው ብሎ ብረት የቀጠቀጠው ቻርልስ ዴሱተር አለ። አፍጥጠው ያላዩ፣ ወንበር ስበው «ና ቁጭ በል» ያሉ የኢስት ግሪንስቴድ ባለ ሱቆችና እናቶች አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ለማስረጃ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

አንድ ሰው ደግሞ ይቀራል። በዚያች የጃንዋሪ ሌሊት በሂለሪ አውሮፕላን ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ የተሳፈረው ሳጅን ዊልፍሬድ ፊሰን ነው። ጣቶቹ ጤነኞች ነበሩ። ለራሱ የሚያረጋግጠው መጽሐፍ አልነበረውም። ስለ ሂለሪ ግጥም ተጽፏል፣ የሕይወት ታሪክ ተጽፏል፣ ሽልማትና መታሰቢያ በስሙ ቆሟል። ስለ ፊሰን የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ያውም በሌላ ሰው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ቁስለኛ መመለስ ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ታሪክ ከጎኑ የሚቀመጠው ማን እንደሆነም መጠየቅ አለበት። የሐኪሞቹ ቦርድ ያንን ጥያቄ የመጠየቅ ሥልጣን ነበረው፤ ጀግናን «አይሆንም» ማለት ከበደውና ሁለት ሰው ሞተ።